አያቴ በቀን አንድ መስመር ትጽፍ ነበር፤ እኔ ከወለድኩ ወዲህ አልቻልኩም

የጣና ዳር አራስ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9፡40

ልጄ ዛሬ 57 ቀኗ ነው። ሌሊት ስትጠባ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው በአንድ እጄ ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ የዕለት ማስታወሻ እይዝ ነበር። ተማሪ ሳለሁም፣ ባንክ ከተቀጠርኩም በኋላ፣ አንድ ገጽ ሳልሞላ አልተኛም። እርጉዝ ሆኜም እስከ መጨረሻዋ ቀን አላቋረጥኩም። ደብተሬ የቆመው ነሐሴ 19 ላይ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አላለቀም፤ «ዛሬ ወገቤን» ይላል፣ ከዚያ ገጹ ባዶ ነው። ምጥ ሲጀምረኝ ብዕሩን አስቀመጥኩት፤ እስከ አሁን አላነሣሁትም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሰው አላስቸግርም ነበር። እናቴ ልታርሰኝ መጥታ አብራኝ አለች። ባለፈው ሳምንት ለሽንት ጨርቅ የሚሆን አሮጌ ነጠላ ከሣጥን ስትፈልግ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ደብተሮች አወጣች። የአያቴ ናቸው። አያቴ የጣና ዳር ገበሬ ነበረች፤ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት፣ ዕድሜዋ 40 ካለፈ በኋላ ነው። ደብተሮቹ ጠርዛቸውን አይጥ በልቶታል፤ ሲገለጡ የጭስ ሽታ አላቸው። በየገጹ ቀን አለ፤ ከቀኑ አጠገብ ደግሞ አንድ መስመር። በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አድርጋለች።

«ታንኳው፡ ዛሬ፡ ዓሣ፡ አላመጣም።»
«በጓ፡ ሁለት፡ ወለደች።»
«ልጄ፡ ከከተማ፡ አልመጣችም።»

ሐምሌ 1988 ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፡ ሴት፡ ወለደች፡ ዝናብ፡ ነው፡ መንገድ፡ የለም።» የተወለደችው እኔ ነኝ። ይህን ያነበብኩት የራሴን ልጅ ታቅፌ ነው።

እናቴ ከ25 ዓመት በላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። በቋንቋችን የሰው ደብዳቤ የምትተይበውም መጽሐፍ የሚደርሰውም ጸሐፊ ነው የሚባለው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጽፋ የራሷ የምትለው አንድ መስመር የላትም። እንዳይቆጫት ብዬ አልጠየቅኳትም።

የወሊድ ፈቃዴ ኅዳር 15 ያልቃል። ሥራ ከተመለስኩ በኋላ ጭራሽ እንደማልጽፍ ይታወቀኛል። እናቶች የሆናችሁና በየቀኑ የምትጽፉ፣ እንዴት አደረጋችሁት? ስለ እናቴስ ምን ትመክሩኛላችሁ?

---

የሦስት ልጆች እናት
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 2፡15

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። ልጅሽን ታሳድግልሽ።

በመጀመሪያው ልጄ ጊዜ «ሲተኛ እጽፋለሁ» እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ልጅ ሲተኛ የሚታጠብ አለ፣ የሚቀቀል አለ፣ የራስሽም እንቅልፍ አለ። ከሥራ የተረፈ ጊዜ እናት ቤት የለም። ጊዜው የሚገኘው ከሥራው ውስጥ መሆኑ የገባኝ በሁለተኛው ልጄ ነው።

እኔ የምጽፈው እንጀራ ስጋግር ነው። ሊጡን ምጣዱ ላይ አዙሬ፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን እከድናለሁ። ከዚያ እስኪበስል ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ጊዜ አለችኝ፤ እጄ ባዶ ነው፣ ትቼው ግን መሄድ አልችልም። በዚያች ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። አወጣለሁ፣ ምጣዱን አሰስ አድርጌ ደግሜ አዞራለሁ፣ እከድናለሁ፣ ሁለተኛውን እጽፋለሁ። 25 እንጀራ ስጋግር 25 ዓረፍተ ነገር ይሆናል። የሚገርመው ግን ሊጡን በማዞርበት ጊዜ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር በሐሳቤ ተስተካክሎ ይጠብቀኛል።

በእርሳስ ጻፊ፤ የብዕር ቀለም በእንፋሎት ይፈስሳል። ቡና ስትቆዪ አትሞክሪው፣ ያርርብሻል። እንጀራ በማልጋግርበት ቀን ደግሞ ትንሹን በአንቀልባ አዝዬ፣ ደረቴ ድረስ የሚደርስ ቁም ሣጥን አለን፣ እሱ ላይ ቆሜ እጽፋለሁ። ልጅ የታዘለ እንደሆነ እናቱ ከተቀመጠች ይነቃል፤ ከቆመች ግን ይተኛል።

ሊጥ የነካቸው ገጾች አሉኝ። ከሁሉም የምወዳቸው እነሱን ነው።

---

የንጋት ብዕር
ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 7፡30

አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አልስማማም። በእንጀራ መካከል የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ማስታወሻ ነው እንጂ ድርሰት አይደለም። እኔ 9 ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት እጽፋለሁ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ስልክ ሌላ ክፍል። ሐሳብ እስኪረጋ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ለጠያቂዋ የምመክረው፣ ልጅቷ እስክታድግ ራሷን እንዳታስጨንቅ ነው። አሁን ታንብብ። ጊዜው ሲመጣ በሙሉ ልቧ ትቀመጣለች። በቁርጥራጭ የለመደ እጅ ረጅም ነገር መያዝ ያቅተዋል ብዬ እፈራለሁ።

---

የሦስት ልጆች እናት
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡50

ወንድሜ፣ ዘጠኝ ዓመት መጽናትህን አከብራለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፤ ከ11 እስከ 1 ሰዓት አንተ ስትጽፍ ቁርሱን የሚያዘጋጀው፣ ልጆቹን የሚያለብሰው ማን ነው? የጠረጴዛህን ጸጥታ የሚጠብቅልህ ሰው አለ ማለት ነው። እኔና እሷ ጸጥታ ጠባቂዎቹ ነን።

«እስክታድግ» የምትለውም አልደረሰልኝም። ትልቁ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ አሁንም በየአሥር ደቂቃው ይጠራኛል።

---

ጡረተኛው መምህር
ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 3፡05

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። የአያትሽን ደብተር ስታነሺ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እኔ ከዘማቾቹ አንዱ ነኝና።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። ተማሪ ነበርኩ፤ የተመደብኩትም በያኔው ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ከጣና ብዙ በማይርቅ የገበሬ ማኅበር ነበር። ትምህርቱ እያደር በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ ሀገራችንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት አግኝታለች። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሴቶቹ የሚመጡት ማታ ነበር፤ ላም ታልባ፣ እራት ቀርቦ፣ ልጅ በጀርባ ታዝሎ። የምናበራው ማሾ ነው። ፊደል መለየት አላቃታቸውም። ያቃታቸው እርሳስ ማቅለል ነበር። የወፍጮ መጅ ሲገፋ የኖረ እጅ እርሳሱንም እንደ መጅ ይጫነዋል፤ ወረቀቱ ይበሳል፣ ጫፉ በየመስመሩ ይሰበራል። እነሱ ሲጽፉ እኔ በምላጭ እርሳስ ስቀርጽ ያመሸሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ልጅ ሲያለቅስ ወደ ፊት አዙረው ያጠባሉ፣ በግራ እጃቸው ልጁን ደግፈው በቀኛቸው «በ ቡ ቢ» ይላሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ መንደር ሳልፍ ከክፍሉ ሁሉ ጎበዝ የነበሩ አንዲት እናት አገኘሁ። ስማቸውን በእንጨት መሬት ላይ እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። ሁለት ፊደል ጽፈው እንጨቱን ጣሉት። «ሸሸኝ» አሉኝ። ቤታቸው የሚነበብ ወረቀት አልነበረም፤ የሚጻፍበትም ምክንያት አልነበራቸውም። ድኅረ መሠረተ ትምህርት የሚባለው ሥራ የታሰበው ለዚህ ነበር፤ ሁሉም ጋ ግን አልደረሰም። የምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሊያነቡት ያልቻሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አያትሽ በየቀኑ አንድ መስመር የጻፉት ፊደሉ እንዳይሸሻቸው ይመስለኛል። የንጋት ብዕር ወንድማችን «ድርሰት አይደለም» ሲል እውነቱን ነው፤ እሳቸው ግን ይዘው የቆዩት እጃቸውን ነው።

አንድ ነገር እንድታዪልኝ እለምንሻለሁ። የመጀመሪያውን ደብተር ገጽ ገልብጠሽ ጀርባውን በጣትሽ ዳስሺው። ደግሞም ሳይጽፉ በዋሉበት ቀን ምን እንዳደረጉ ንገሪኝ።

---

የጣና ዳር አራስ
ጥቅምት 14፣ ከሌሊቱ 8፡20

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልእክትዎን ለእናቴ ሳነብላት አለቀሰች።

እንዳሉኝ ዳሰስኩት። የመጀመሪያው ደብተር ጀርባው ሁሉ ጎርባጣ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ «በ»ን ለይቼዋለሁ። አንዳንድ ቦታ ተበስቷል። ሁለተኛው ላይ ጎርባጣው እየቀነሰ ይሄዳል። ሦስተኛው ደብተር ሲዳሰስ ልሙጥ ነው፤ ከጀርባው የተጻፈበት መሆኑ እንኳ አይታወቅም። እናቴም ዳሰሰች። «እጇ ይህን ያህል እንደቀለለ አላውቅም ነበር» አለች።

ባልጻፈችባቸው ቀናት ቀኑን ብቻ አስቀምጣለች፤ 4፣ 5፣ 6፣ አጠገባቸው ባዶ። አንድም ቀን አልዘለለችም። መጋቢት 1981 ላይ ዘጠኝ ቁጥሮች ብቻቸውን ተደርድረዋል። በአሥረኛው ቀን «አባታቸው፡ አረፈ።» ይላል። የሞተው በመጀመሪያው ቀን እንደነበረ እናቴ ነገረችኝ። ያቺን መስመር ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶባታል፤ በዘጠኙም ቀን ግን ደብተሩን ገልጣ ቁጥሩን ጽፋለች።

እኔም ዛሬ ማታ ደብተሬን ገለጥኩ። «ዛሬ ወገቤን» ከሚለው ሥር «ጥቅምት 13» ብዬ ከደንኩት።

---

የሌሊት ተረኛ አዋላጅ
ጥቅምት 15፣ ከሌሊቱ 10፡10

ይህን ውይይት ሁለት ሌሊት አነበብኩት። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ከእኔ ሥራ ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር ልጨምር።

ምጥ የያዛትን እናት ፓርቶግራፍ በሚባል ቅጽ እንከታተላለን። የፅንሱን የልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ የማኅፀን በር መከፈቱን በየ4 ሰዓቱ እየመረመርን በሥዕላዊ መስመር እንመዘግባለን። የደም ግፊቷ፣ የምጡ ብዛት፣ የእንሽርት ውኃው መልክ፣ ሁሉም ይጻፋል። አንዲት ሴት በሕይወቷ እንደዚያ ሌሊት ተጽፎላት አያውቅም። ልጁ ሲወለድ ሰዓቱ ይጻፋል፣ ክብደቱ ይጻፋል፣ ከዚያ ቅጹ ይዘጋል። ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው የልጁ ካርድ ነው፤ ክትባት በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወር። ስለ እናቲቱ በየግማሽ ሰዓቱ የሚጽፍ የለም። እኔን በሌሊት የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ልክ መጻፍ በሚያስፈልግበት ጊዜ እናቆማለን።

እህቴ፣ ልጅሽ 10 ሳምንት የሚሞላት በቅርብ ነው። ለክትባት ስትሄጂ ወረፋ ይኖራል። ለራስሽ በዚያ ወረፋ ጻፊ፤ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ምን በላሁ፣ አለቀስኩ ወይ፣ ለምን። ይህን የምልሽ ለጽሕፈቱ ብቻ አይደለም። ከወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ መባስ ብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላም ኀዘኑ ካልለቀቀ፣ ልጅሽን ማየት ካስጠላሽ፣ ወይም በሕይወት መኖር ካስጠላሽ ግን ድባቴ ሊሆን ይችላልና ሳትውዪ ሳታድሪ ለጤና ባለሙያ ንገሪ። እናቶች ስንጠይቃቸው «ደኅና ነኝ» ይላሉ። አንዲት እናት ግን ደብተሯን አውጥታ የአሥራ አንድ ቀን እንቅልፏን አነበበችልኝ። ወዲያው ነው የረዳናት።

---

የዘጌ ልጅ
ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔ ወንድ ነኝ፣ ልጅም የለኝም፤ ስለ እናትሽ የጠየቅሽው ግን የእኔም ጥያቄ ስለነበረ የማደርገውን ልንገርሽ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ዘጌ በሬ አይጠመድም፤ ከጥንት ጀምሮ በገዳማቱ ሥርዓት እርሻ የለም፤ ኑሯችን ቡናና ጌሾ ነው። እኔ ባሕር ዳር እሠራለሁ፣ እሑድ እሑድ በጀልባ እሄዳለሁ። መጀመሪያ «ታሪክሽን ንገሪኝ፣ ልጽፈው» ስላት «እኔ ምን ታሪክ አለኝ፣ ታሪክስ ካህናቱ ጋ ነው» አለችኝ። ብዙ ወር አላገኘኋትም። አንድ እሑድ ቡና ስትለቅም ጥግ ላይ ያለውን ማሰሮ አይቼ «ይህ ከየት መጣ?» አልኳት። አንድ ሰዓት አወራች። ማሰሮውን የገዛችው እኔን ለእናቷ ትታ፣ በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭና ባሕር ዳር ሸጣ ባገኘችው የመጀመሪያ ገንዘብ ነው። ስትመለስ ነፋስ ተነሥቶ ታንኳው ውኃ ሲጠጣ ማሰሮውን በጭኗ መካከል አጥብቃ ይዛ እንደነበረ ነገረችኝ። ጡቷ ሞልቶ ያማት ነበር። አያቴ የላም ወተት በጥጥ ጫፍ ስታጠባኝ ዋለች አሉ። ይህን ሁሉ እስከ 31 ዓመቴ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በስልኬ እቀዳታለሁ፣ ፈቅዳልኝ። በየማታው የምጽፈው አንድ ደቂቃ ድምፅ ብቻ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ደጋግሜ እያስቆምኩ ስሰማው ሩብ ሰዓት ይወስድብኛል። አማርኛዋን አላርምም። መጀመሪያ አካባቢ አርሜው ነበር፤ ሳነብላት «ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለችኝ። ሁሉንም ቀድጄ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ስለዚህ ሕይወቷን አትጠይቂያት። ዕቃ ጠይቂያት።

---

ጸጥታ
ጥቅምት 18፣ ከቀኑ 6፡15

ሁላችሁም እናትየው መጻፍ እንዳለባት ወስናችኋል። እኔን ይህ ይከብደኛል። አንዲት ሴት 25 ዓመት የሰው ቃል ስትተይብ ኖራ ለራሷ ዝም ካለች፣ ዝምታው የእሷ ሀብት ሊሆን ይችላል። የእኔ እናት ከሞተች በኋላ ወንድሜ ምስጢሯን ሁሉ አደባባይ አወጣው፤ ለጎረቤት የማትነግረውን። እስከ ዛሬ ይቅር አልኩት ማለት አልችልም።

አያትሽም ቢሆኑ ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ሥር ነው ያኖሩት። አንቺ እዚህ ጠቅሰሽዋል። በክፋት እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። ከመቀጠልሽ በፊት ግን እናትሽን ጠይቂያት። «እንዳይቆጫት ብዬ አልጠየቅኳትም» ያልሽው ለእሷ አስበሽ ነው ወይስ መልሷን ፈርተሽ?

---

የጀልባ አስጎብኚ
ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 1፡25

ጸጥታ ያነሣሽው ነገር ሲያብሰለስለኝ ዋለ። እንግዶችን ወደ ጣና ደሴት ገዳማት አመላልሳለሁ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም፤ ናርጋ ሥላሴ ግን ይገባሉ። ናርጋን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። መቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር ምንትዋብ በግንባሯ ተደፍታለች። እናት ከእናት ፊት ማለት ነው።

ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ሳለ ሲነግሥ እሷ ናት መንግሥቱን የያዘችው፤ የልጅ ልጇ ኢዮአስም ሲነግሥ እንደዚያው። ሁለቱም ቀድመዋት ሞቱ። ስለ ሥልጣኗ ብዙ ተጽፏል። ልጇንና የልጅ ልጇን ካጣች በኋላ በሌሊት ምን ብላ እንደጸለየች ግን አናውቅም። እንግዳ ሲጠይቀኝ ሥዕሉን እያሳየሁ ዝም እላለሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ በጣና ዳር ቋራጣ አለች፤ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለባት። ወለተ ጴጥሮስ ያረፈችው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1642 ነው፤ ገድሏ የተጻፈው በ1672። በመካከሉ 30 ዓመት አለ። የሚያውቋት ሰዎች በሕይወት ነበሩ፣ ተናገሩ፣ ተጻፈ። ሕፃናት ልጆቿ እንደሞቱባት የምናውቀው ለዚያ ነው። ሌላ 30 ዓመት ቢዘገይ ኖሮ የሚናገር አይገኝም ነበር። ስለዚህ ጠይቂያት የሚለው ምክር ልክ ነው፤ ግን አትዘግዪ።

---

የንጋት ብዕር
ጥቅምት 20፣ ከጠዋቱ 1፡10

የሦስት ልጆች እናት የጠየቀችኝን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ቁርሱን የምታዘጋጀው እሷ ናት። «እኔም እኮ ድሮ ግጥም እጽፍ ነበር» አለችኝ። በ7 ዓመት ትዳራችን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ረጅም ሥራ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል የሚለውን አልተውም፤ አምንበታለሁ። ግን ከትናንት ጀምሮ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ቁርሱ የእኔ ነው፤ ጠረጴዛው የእሷ።

---

የጣና ዳር አራስ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9፡05

የዘገየሁት ክርስትና ስለነበረብን ነው። ልጄ ኅዳር 5፣ በ80 ቀኗ ተነሣች።

ጸጥታ፣ ላንቺ ነው መጀመሪያ የምመልሰው። ልክ ነሽ፤ መልሷን ፈርቼ ነበር። ጥቅምት 21 ማታ እናቴ ገንፎ እያገነፋች ሳለ ሁሉንም ነገርኳት፤ እዚህ የጻፍኩትንም አነበብኩላት። ስለ ደብተሩ አልተቆጣችም። ስለ ራሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «በቀን ሠላሳ ደብዳቤ እተይብ ነበር። ያኔ በታይፕ አንዱን ፊደል ለመሥራት ሁለት ጊዜ የምትመቺበት አለ። ማታ ቤት ስገባ ፊደል ባላይ እመርጥ ነበር። እንድጽፍ አልፈልግም ነበር፤ ያልቻልኩ እንዳይመስልሽ።» ይህን ስሰማ አፈርኩ። አንድ መስመር የላትም ብዬ ያዘንኩላት እኔ ነበርኩ፤ እሷ አልጠየቀችኝም።

ጉዳዩን ተውኩት። የዘጌው ወንድሜ እንዳለኝ ግን ሌላ ቀን ሕይወቷን ሳይሆን ዕቃዋን ጠየቅኳት፤ ታይፑ ምን ዓይነት ነበር አልኳት። እጆቿን አየር ላይ ዘርግታ ጣቶቿን አንቀሳቀሰች። የትኛው ፊደል የት እንደነበረ ጣቷ አልረሳም። ከዚያ ካርቦኑን፣ ሪቫኑን፣ ሦስት ቅጂ በአንድ ጊዜ ለማውጣት ምን ያህል አጥብቆ መምታት እንደሚያስፈልግ አወራችኝ። «ጠንከር ካላደረግሽ ሦስተኛው ቅጂ አይነበብም» አለች። ሁለታችንም አያቴን አሰብን።

ኅዳር 6 ጠዋት እኔ ሳልጠይቃት «ደብተርሽን አምጪና ጻፊ፤ እኔ እላለሁ» አለችኝ። ዕድሜዋን ሁሉ ሌላው ሲል የጻፈች ሴት ናት። ልጄን ተቀበለችኝና አቅፋት፣ እየተንጎራደደች፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር እየነገረችኝ ጻፍኩ። እንዲጻፍ የምትፈልገው እንዳይቀር ብላ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ሌሎቹ ቤት ይቆያሉ፤ ይህን የመጀመሪያውን ብቻ፣ መምህሩ እንዲያዩት፣ እዚህ እንድለጥፍ ፈቅዳልኛለች።

እኔ ለራሴ ሁለት መስመር፣ ሦስት መስመር እጽፋለሁ፤ ጠዋት ልጄ ስትጠባ፣ በእርሳስ። ሰባት ቀን ቁጥሩ ብቻውን ነው። ከኅዳር 16 ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ወተቴን ሳልብ እጽፋለሁ ብዬ አስቤአለሁ፤ እንዴት እንደሚሆን አያለሁ።

የእናቴ ደብዳቤ ይኸው፦

ቁጥር፦ 1
ቀን፦ ኅዳር 6/2018 ዓ.ም.

ለልጄ
ባለሽበት

ጉዳዩ፦ ሐምሌ 1988 ዓ.ም.ን ይመለከታል።

ከላይ በተጠቀሰው ወር አንቺን በወለድኩ ማግሥት አያትሽ መንገድ የለም ሳትል በእግሯ መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። እግሯን ሳትታጠብ ነው ያቀፈችሽ።

ሁለት ወር ሲሞላሽ ሥራ ገባሁ። ጡቴ ይፈስስ ስለነበረ በቀሚሴ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ አደርግ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ጨርሼ «ከሰላምታ ጋር» ማለት ሲገባኝ ስምሽን ተየብኩት። ገጹን አውጥቼ ቀደድኩት፣ እንደገና ጻፍኩት። ካርቦኑ ላይ ግን ስምሽ ቀርቶ ነበር። ካርቦኑን አልጣልኩትም፤ እስኪያልቅ በእሱ ሠራሁ። በዚያ ወር ከቢሮው የወጣው ደብዳቤ ሁሉ በስምሽ ላይ የተመታ ነው።

ይህንኑ እንድታውቂው እገልጻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
እናትሽ

ግልባጭ፦
ለልጅሽ፣ ማንበብ ስትችል